በሽተኛውን ማን ያገላብጠው?

ዘመዱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባበት ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መሣሪያው ነው፡፡ የመተንፈሻ ማሽን ተገኘ ወይ? ኦክስጅኑ ስንት ደረሰ? ግፊቱ ወረደ ወይስ ወጣ? ይላል፡፡ ስለ ፍራሹ የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም፡፡ ማሽኑ በሰው ልብና ሳንባ ላይ ሲሠራ፣ ፍራሹም በዚያው ሰው ወገብ፣ ዳሌና ተረከዝ ላይ ሌት ተቀን ይሠራል፡፡ ከሞት አፋፍ የተመለሰ በሽተኛ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጣ፣ ሲገባ ያልነበረውን ሌላ በሽታ ይዞ የሚወጣበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው፡፡ ስሙ የአልጋ ቁስል ይባላል፡፡ ነርሶች ቤድ ሶር ይሉታል፡፡

እኔ የሕግ ሰው እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም፡፡ ሆኖም ጉዳዩ የሕክምና ብቻ አይደለም፡፡ የአልጋ ቁስል በአብዛኛው ከመድኃኒት እጥረት የሚመጣ ሳይሆን፣ “ይህን ሰው በዚህ ሰዓት የማገላበጥ ግዴታ የማን ነው?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ካለማግኘት የሚመጣ ጉዳት ነው፡፡ የግዴታ ጥያቄ ደግሞ የሕግም፣ የአስተዳደርም፣ የቤተሰብም ጥያቄ ነው፡፡

ቁስሉ እንዴት ይፈጠራል?

ጤነኛ ሰው ተኝቶ ሳለ ሳያውቀው ይገላበጣል፡፡ አንድ ጎኑ ሲደክመው አካሉ ራሱ ይነግረዋል፣ ይዞራል፣ እግሩን ያጥፋል፡፡ በማደንዘዣ ተኝቶ በማሽን የሚተነፍስ ሰው ይህ ሁሉ የለውም፡፡ የአካሉ ክብደት አጥንት ወጣ ባለበት ቦታ ላይ ያርፋል፡፡ በአጥንቱና በፍራሹ መካከል የተያዘው ሥጋ ይጨፈለቃል፣ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይዘጋሉ፣ ደም ያጣው ሥጋ ቀስ በቀስ ይሞታል፡፡ በጣም የሚጠቁት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፡፡ ከወገብ በታች ያለው የጀርባ አጥንት፣ ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ክርን እና የራስ ቅል የኋላ ክፍል ናቸው፡፡

ከግፊቱ ሌላ መጎተት አለ፡፡ የአልጋው ራስጌ ከፍ ሲል በሽተኛው ወደ ግርጌ ይንሸራተታል፡፡ ቆዳው ከአንሶላው ጋር ተጣብቆ ሲቀር አጥንቱ ግን ወደ ታች ይወርዳል፣ በመካከል ያሉት የደም ሥሮች ይጠማዘዛሉ፡፡ እርጥበትም አለ፡፡ ላብ፣ ሽንትና ተቅማጥ ቆዳውን ያረጥቡታል፣ የራሰ ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ይላጣል፡፡

በጽኑ ሕሙማን ክፍል እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ይደራረባሉ፡፡ እንዲያውም ሕይወት አድን የሆነው ሕክምና ራሱ ለቁስሉ መንገድ ይከፍታል፡፡ የወደቀ የደም ግፊትን የሚያነሱት መድኃኒቶች ደሙን ወደ ልብና ወደ አንጎል ሲያደርሱ ከቆዳው ላይ ይቀንሳሉ፡፡ በማሽን የሚተነፍስ ሰው የሳንባ ምች እንዳይዘው ራስጌው ከፍ ይደረጋል፣ ከፍታው ግን መንሸራተትን ያመጣል፡፡ የኦክስጅን ማስክ አፍንጫ ላይ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ከንፈር ላይ፣ የሽንት ቱቦ ጭን ላይ የራሳቸውን ቁስል ይሠራሉ፡፡ በኮቪድ ወቅት በደረታቸው ተደፍተው እንዲተነፍሱ የተደረጉ ሕሙማን ጉንጫቸውና ግንባራቸው ላይ ቆስለው የታዩት በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

የችግሩ ስፋት በግምት የሚነገር አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2018 በአንድ ቀን፣ በ90 አገሮች በሚገኙ 1,117 ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ የተኙ ከ13 ሺሕ በላይ ሕሙማን ተመርምረው ነበር፡፡ ከመቶ 26.6 ያህሉ የአልጋ ቁስል ነበረባቸው፡፡ ከመቶ 16.2 ያህሉ ደግሞ ቁስሉ የያዛቸው እዚያው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሳሉ ነው፡፡ ቁስሉ በከፋ መጠን የመሞት ዕድሉም ከፍ እያለ መሄዱን ይኸው ጥናት አሳይቷል፡፡ ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሪፈራል ሆስፒታል ተኝተው በሚታከሙ 422 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከመቶ 16.8 የሚሆኑት ቁስሉ እንዳለባቸው አግኝቷል፡፡ እነዚህ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሰዎች ብቻ አይደሉም፣ በሆስፒታሉ የተኙ ሕሙማን ናቸው፡፡

በእኛ ቆዳ ላይ የማይታየው ምልክት

የሕክምና መጻሕፍት ቁስሉን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፡፡ በመጀመሪያው ደረጃ ቆዳው አልተከፈተም፣ ግን ቀልቶ በጣት ሲጫኑት ቅላቱ አይጠፋም፡፡ በሁለተኛው የላይኛው ቆዳ ይላጣል ወይም ውኃ ይቋጥራል፡፡ በሦስተኛው ቁስሉ እስከ ስቡ ይዘልቃል፡፡ በአራተኛው ጡንቻ፣ ጅማት ወይም አጥንት ይታያል፡፡

እዚህ ላይ ለእኛ የሚያሳስብ ነገር አለ፡፡ የመጀመሪያው ደረጃ ምልክት “መቅላት” ነው የተባለው በነጣ ቆዳ ላይ ተመሥርቶ ነው፡፡ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ በግልጽ አይታይም፡፡ ስለዚህ ዐይን ብቻ አይበቃም፣ እጅ ያስፈልጋል፡፡ ቦታው ከአካባቢው ይልቅ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል? ጠጥሯል ወይስ ልል ሆኗል? ቀለሙ ከጎኑ ካለው ቆዳ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ብሏል? በሽተኛው መናገር ከቻለ ያመዋል? መታየት ያለበት ይህ ነው፡፡ ከዚህም በላይ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚጀምረው ከውስጥ፣ ከአጥንቱ ዘንድ ነው፡፡ ዛሬ ቆዳ ላይ የወጣው ቁስል ከቀናት በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል፡፡ “ትናንት ምንም አልነበረም” የሚለው አነጋገር እውነት ሆኖ ሳለ በቂ መልስ የማይሆነው ለዚህ ነው፡፡

ሳይቃጠል በቅጠል

መከላከያው ምስጢር የለውም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1944 ከናዚ ጀርመን የተሰደደው የነርቭ ሐኪም ሉድዊግ ጉትማን በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ውስጥ አከርካሪያቸው የተመታ ወታደሮችን ሲረከብ፣ እንዲህ ያሉ ሕሙማን በአልጋ ቁስልና በሽንት መስመር ኢንፌክሽን መሞታቸው የተለመደ ነበር፡፡ የጉትማን ትእዛዝ ቀላል ነበር፡፡ እያንዳንዱ በሽተኛ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ አለ፡፡ ኋላ ለፓራሊምፒክ ጨዋታዎች መጀመር ምክንያት የሆኑት እነዚህ በሕይወት የተረፉ ሰዎች ናቸው፡፡

ዛሬ የሁለት ሰዓቱ ሕግ እንደ ሰውየው ሁኔታ ይሻሻላል፡፡ በጥሩ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ የተኙ አረጋውያን በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓቱ ቢገላበጡም ልዩነት እንዳልታየ በአሜሪካና በካናዳ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አሳይቷል፡፡ እነዚያ ግን በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ እንጂ በማሽን የሚተነፍሱ አልነበሩም፡፡ ሰዓቱ ይለያይ እንጂ ሰዓት መኖር አለበት፡፡

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከመገላበጥ በፊት ነው፡፡ በሽተኛው በገባ ዕለት የአደጋው መጠን ይለካል፡፡ ለዚህ በብዙ አገር የሚሠራበት የብሬደን መለኪያ ነው፡፡ ስድስት ነገሮችን ይመዝናል፡፡ ሕመም የመሰማት ችሎታን፣ የቆዳ እርጥበትን፣ ከአልጋ መነሳትን፣ በአልጋ ላይ መንቀሳቀስን፣ አመጋገብን እና መጎተትን ነው፡፡ ድምሩ ከ6 እስከ 23 ሲሆን፣ 18 እና ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ለአደጋ የተጋለጠ ይባላል፡፡ አንድ ወረቀትና አንድ እስክርቢቶ ይበቃዋል፡፡

ከዚያ በኋላ ቆዳው በየፈረቃው ይታያል፡፡ በሽተኛው ሲገላበጥ ሙሉ በሙሉ በዳሌው ላይ አይጣልም፣ ከጀርባው ትራስ ገብቶለት ሠላሳ ዲግሪ ያህል ጋደል ይላል፡፡ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ስር ትራስ ይገባል፡፡ ወደ ራስጌ ሲሳብ አይጎተትም፣ ሁለት ሰው በአንሶላ አንስቶ ያስቀምጠዋል፡፡ ሲረጥብ ወዲያው ይጸዳል፡፡ በቱቦ የሚሰጠው ምግብ፣ በተለይ ፕሮቲኑ፣ አይዘነጋም፡፡ የማስኩና የቱቦው ሥር ይፈተሻል፡፡ ደም ግፊቱ ስለሚዋዥቅ መገላበጥ የማይችል በሽተኛም ቢሆን በጥቂት በጥቂቱ ክብደቱን ማዘዋወር ይቻላል፡፡

በደግነት የሚደረጉ ግን የማይጠቅሙ ነገሮችም አሉ፡፡ ጓንት ውስጥ ውኃ ሞልቶ ከተረከዝ ስር ማድረግ፣ እንደ ቀለበት መሐሉ ክፍት የሆነ መቀመጫ መጠቀም፣ የቀላውን ቦታ አጥብቆ ማሸት በዓለም አቀፉ መመሪያ የተከለከሉ ናቸው፡፡ ቀለበቱ ግፊቱን ወደ ዳር ይሰበስበዋል፣ ማሸቱም የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል፡፡ ከአንሶላ ስር የሚነጠፍ ላስቲክም ፍራሹን ከሽንት ያድን እንደሆነ እንጂ የበሽተኛውን ላብ ያፍነዋል፡፡ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአየር ፍራሽ ይረዳል፣ ነገር ግን መገላበጥን አይተካም፡፡ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ምን እንደሚሆን ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም፡፡

የሰዓትና የእጅ ሒሳብ

ይህ ሁሉ ቀላል ከሆነ ለምን አይሠራም? ቀላል ማለት ርካሽ ማለት ስላልሆነ ነው፡፡ እስቲ እናስላው፡፡ ስድስት አልጋ ያለው ጽኑ ሕሙማን ክፍል አለ እንበል፡፡ እያንዳንዱ በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ከተገላበጠ በቀን 12 ጊዜ፣ ለስድስቱ 72 ጊዜ ይሆናል፡፡ ቱቦና ገመድ የበዛበትን ሰው ለማገላበጥ ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፡፡ አሥር ደቂቃ ቢወስድ ድምሩ 1,440 የሥራ ደቂቃ፣ ማለትም 24 የሥራ ሰዓት ነው፡፡ ሦስት ሠራተኞች ስምንት ስምንት ሰዓት ሌላ ምንም ሳይነኩ ይህንኑ ብቻ ይሠራሉ ማለት ነው፡፡ መድኃኒት መስጠት፣ ቱቦ መምጠጥ፣ መመዝገብ ገና አልተጀመረም፡፡

በአዲስ አበባ የመንግሥት ሆስፒታሎች በሚሠሩ ነርሶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ የአልጋ ቁስልን ለመከላከል ምን እንዳገዳቸው ሲጠይቅ፣ ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆኑት የሥራ ጫናንና የሰው እጥረትን ጠቅሰዋል፡፡ የዕቃ እጥረትና የሥልጠና ማነስም ተከትለው ይመጣሉ፡፡ ስለዚህ ጣታችንን በሌሊት ተረኛዋ ሲስተር ላይ ከመቀሰራችን በፊት፣ በዚያ ሌሊት ስንት ሰው ነው የተመደበው ብለን መጠየቅ ይገባናል፡፡ የሰው ቁጥር የሚወስነው በአልጋው አጠገብ አይደለም፣ በአስተዳደሩ ቢሮ ነው፡፡

በዚህ መካከል ክፍተቱን ሲሞላ የኖረው ቤተሰብና ጎረቤት ነው፡፡ የቂርቆስንና የካዛንቺስን ሰው ለሚያውቅ ይህ አዲስ አይደለም፡፡ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ በነበረው ተቋም ስም “ካዛ ኢንቺስ” ተብሎ የተጠራው ሰፈር፣ ከትላልቆቹ ሆቴሎችና ከኢሲኤ ጀርባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተጠጋ ኑሮ ነበረው፡፡ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ካለ አንዷ ጎረቤት ጠዋት፣ ሌላዋ ማታ ገብታ ታገላብጠዋለች፣ ታጥበዋለች፡፡ ፈረቃው ያልተጻፈ ነበር እንጂ ፈረቃ ነበር፡፡ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙው የካዛንቺስ ነዋሪ ሲነሳ፣ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ቦታዎች ተዛወረ፡፡ ቤቱ ይሻል ይሆናል፣ አያከራክረኝም፡፡ ያ የማስታመም ፈረቃ ግን አብሮ አልተጫነም፡፡ ዛሬ ከገላን ጉራ ተነስታ መሐል ከተማ ሆስፒታል እናቷን ለማየት የምትመጣ ልጅ፣ የቀኗን ግማሽ መንገድ ላይ ታሳልፋለች፡፡ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ አስታማሚ የሚገባው ለአጭር ጊዜ ነው፡፡ “ቤተሰብ ያግዛል” እየተባለ የተያዘ አሠራር ካለ የቆመበት መሬት ሸሽቷል፡፡

“ጋሼ፣ መክሰስ እንችላለን?”

ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ግን ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው፡፡ ስሟን የማልጠቅሳት የቀድሞ የካዛንቺስ ልጅ ባለፈው ዓመት መጥታ ነበር፡፡ እናቷ ስትሮክ መቷቸው፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል 21 ቀን ተኙ፡፡ ተረፉ፡፡ ወደ ተራ ክፍል ሲወርዱ ግን ከወገባቸው በታች የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል ቁስል ነበር፡፡ ለመድረቅ ሰባት ወር ፈጀ፡፡ “ጋሼ፣ መክሰስ እንችላለን?” አለችኝ፡፡

የሰጠኋትን መልስ ለሌላውም ይጠቅም እንደሆነ ላስፍረው፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ መሥራት እንዳለበት ይደነግጋል፡፡ ቁጥር 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋም በሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳት ሠራተኞች ጥፋት በበሽተኛው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ ያደርገዋል፡፡ ጥፋቱ የነርስ ቢሆን እንኳ ካሣ የሚከፍለው ተቋሙ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፡፡ ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት የሚቀርብ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ይታገዳል፡፡ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ መደበኛው ይርጋ አሥር ዓመት ነው፡፡

ሆኖም ቁስሉ መኖሩ ብቻውን ጥፋትን አያስረዳም፡፡ የሙያው ሰዎች ራሳቸው እንደሚስማሙበት አብዛኛው የአልጋ ቁስል መከላከል የሚቻል ቢሆንም ሁሉም አይደለም፡፡ ማስረዳት የከሳሹ ሸክም ነው፡፡ ማስረጃው ደግሞ የሚገኘው በተከሳሹ መዝገብ ቤት ነው፡፡ ከሳሹ ሰነዱ በማን እጅ እንዳለ ገልጾ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብለት ሊጠይቅ ይችላል፡፡ በዚያች ልጅ እናት ፋይል ውስጥ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የሙቀት መጠን በየሰዓቱ ተጽፏል፡፡ ስለ መገላበጥ በ21 ቀን ውስጥ አንድ መስመር የለም፡፡ ተገላብጠው ይሆን? ሊሆን ይችላል፡፡ ግን ያልተጻፈ ነገር ከሳሹንም ተከሳሹንም አያድንም፡፡ በታማኝነት ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጥ ያደረች ነርስ ካልጻፈች መከላከያ የላትም፡፡ የማገላበጫ ሰንጠረዥ ሐኪም የሚጠይቀው ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሕግ ሰነድም ነው፡፡

ስለዚህ ከክሱ ጥያቄ የሚቀድም ጥያቄ አለ፡፡ ዘመዳችን ጽኑ ሕሙማን ክፍል በገባ ዕለት፣ በአክብሮት፣ “ሲስተር፣ የቁስል አደጋው ተለክቷል ወይ? በስንት ሰዓት ነው የምታገላብጡት? መጨረሻ የተገላበጠው ስንት ሰዓት ነው? ተረከዙንና ጀርባውን ማየት እንችላለን?” እንበል፡፡ ይህ ስድብ አይደለም፣ የማሽኑን ቁጥር ከመጠየቅም አይለይም፡፡ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጣም ጥያቄው አይቆምም፣ ምክንያቱም በተራ ክፍልና በቤት ውስጥ አደጋው ይቀጥላል፡፡ እዚያ ግን ሰንጠረዡን የሚይዘው ቤተሰቡ ነው፡፡ በማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈ፣ ሰዓትና የአገላባጩ ስም የተጻፈበት አንድ ወረቀት ይበቃል፡፡

ከሆስፒታሎችና ከተቆጣጣሪው አካል የሚጠበቀውም ከዚህ የራቀ አይደለም፡፡ የማገላበጫ ሰንጠረዡ ከደም ግፊት ሰንጠረዡ ጋር በአንድ ገጽ ይሁን፡፡ የሌሊቱ ፈረቃ የሰው ቁጥር ከላይ ባሰላነው ዓይነት ሒሳብ ይመደብ፡፡ በየወሩ ስንት ሰው ሲገባ ያልነበረው ቁስል እንደያዘው ይቆጠር፡፡ የማይቆጠር ነገር አይቀንስም፡፡ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ራሱን ማዞር ያልቻለን ሰው ማን እንዳዞረው በወረቀት ላይ ስም ሊኖር ይገባል፡፡